አዲሱ ጥርስ የቱ ጋ ነው የሚጫነው?

በዚህ ዕትም ከአዲስ አበባ ዳርቻ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ ስለ አንድ ጉዳይ የሚጠይቁ በመሆናቸው አብረን አቅርበናቸዋል። ጉዳዩ አዲስ የተሠራ ተነቃይ ጥርስ በድድ ላይ የሚያደርሰው ጫናና ቁስል ነው። መልስ የሚሰጡት የዓምዱ የጥርስ ሐኪም ናቸው።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው በኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ነው። እናቴ 71 ዓመታቸው ሲሆን፣ ጥርሳቸው ሁሉ አልቆ ስለነበር ከአምስት ሳምንት በፊት ከላይም ከታችም ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ተሠራላቸው። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ በታችኛው ድዳቸው የውስጥ ጎን፣ ከምላሳቸው ሥር ወደ ኋላ፣ ምራቅ በዋጡ ቁጥር ይወጋቸዋል፤ ከፊት በኩልም ከንፈራቸውን ገልጬ ሳይ ነጭ ቁስል አየሁ። ሁለት ታክሲ ይዘን ወደ ሠራላቸው ክሊኒክ ብንመለስም «ይለመዳል፣ ታገሡት» ተባልን። አሁን ጥርሱ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል፤ የሚያደርጉት እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው። የወጣው ገንዘብ ይቆጨኛል፤ ከገንዘቡ ይልቅ ግን እናቴ ከሰው ጋር መብላት መተዋቸው ያሳዝነኛል። እውነት ይለመዳል? ካልተለመደስ ምን እናድርግ?
ልጃቸው፣ ከኮዬ ፈጬ

መልስ፦ «ይለመዳል» የሚለው ቃል ግማሽ እውነት አለው። አፍ ውስጥ ባዕድ ነገር የሞላ መምሰሉ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምራቅ መብዛቱ፣ «ሰ» እና «ፈ» ሲባሉ ምላስና ከንፈር መደናገራቸው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይለመዳሉ። ቁስል ግን አይለመድም። ገጠር ያደገ አንባቢ ገጣባ ምን እንደሆነ አይጠፋውም፤ በእናንተ ሰፈር በኩል እህልና አሸዋ ጭነው በሚያልፉ አህዮች ጀርባ ላይም ይታያል። ጭነቱ ወይም ኮርቻው አንድ ቦታ ላይ ሲጎረብጥ ቆዳው ይላጣል፤ ባለቤቱ ቁስሉን ቅባት እየቀባ ያንኑ ጭነት መልሶ ቢጭንበት ቁስሉ ወሩን ሙሉ አይጠግግም። የእናትዎ ድድ የገጠመውም ከዚህ የተለየ አይደለም። በመጀመሪያ መታከም ያለበት ጥርሱ ነው፤ ድዱ የተጫነው ነገር ከተነሣለት አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይድናል።

የተፈጥሮ ጥርስ ሥሩ አጥንት ውስጥ ተተክሎ፣ በዙሪያው ባሉ ቀጫጭን ጅማቶች ተይዞ ስለሚኖር፣ የማኘክን ኃይል አጥንቱ ይሸከመዋል። ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚያርፈው ግን አክሪሊክ በሚባለው፣ ጥርሱ በተሠራበት ጠንካራ ፕላስቲክና በአጥንቱ መካከል በሚገኘው ስስ የድድ ሥጋ ላይ ነው። ይህም ማረፊያ ጠባብ ነው፤ በላይኛው በኩል በአማካይ 23 ካሬ ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በታችኛው በኩል 12 ገደማ ብቻ ነው። የላይኛው ላንቃን ሸፍኖ በምራቅ ስለሚጣበቅ ይረጋል፤ የታችኛው ግን በጠባብ ማረፊያው ላይ ምላስ፣ ጉንጭና ከንፈር ከየአቅጣጫው ይገፉታል። ወደ እኔ የሚመጣው ስሞታ አብዛኛው ስለ ታችኛው ጥርስ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በዚያ ላይ ከአፍ ልክ ተወስዶ ወደ ጀሶ፣ ከጀሶ ወደ ሰም፣ ከሰም ወደ አክሪሊክ ሲዛወር በየደረጃው ጥቂት ለውጥ ይፈጠራል፤ አክሪሊኩ ራሱ ሲጠነክር ትንሽ ይኮማተራል። ስለዚህ በጎበዝ ቴክኒሻን እጅ የተሠራ ጥርስም ቢሆን የሚጫንበት ቦታ አያጣም። ጥርሱ መስተካከል መፈለጉ የሥራውን ጉድለት አያሳይም፤ ጉድለት የሚባለው አላስተካክልም ማለት ነው። የተለመደው አሠራር ጥርሱ በተገጠመ ማግስት፣ ከዚያም በሦስተኛው ቀንና በሳምንቱ ታማሚውን መልሶ ማየት ሲሆን፣ ይህ በእኔ አስተያየት ከጥርሱ ዋጋ ጋር አብሮ የተከፈለበት አገልግሎት ነው።

እናትዎ በሁለት ቦታ መቁሰላቸው ሁለት የተለያዩ ምክንያቶችን ይጠቁመኛል። ከፊት ያለው ቁስል ከንፈርን ከድድ ጋር በሚያያይዘው ክር መሰል ሥጋ ላይ ከሆነ፣ ለዚያ ሥጋ መንቀሳቀሻ ተብሎ በጥርሱ ጠርዝ ላይ የሚተወው ሰርጥ አንሷል ማለት ነው። ሰርጡ ጠለቅ ሊደረግ ይገባል፤ ጥበቱ ግን እንደተጠበቀ መሆን አለበት፣ በሰፊው ከተፋቀ አየር ያስገባና ጥርሱ ይላላል። ከኋላ፣ ከምላስ ሥር ያለው ምራቅ ሲዋጥ የሚብስ ሕመም ደግሞ የታችኛው ጥርስ ክንፍ፣ ማለትም በድዱ ጎን የሚወርደው ክፍሉ፣ ከልክ በላይ ወደ ታች መርዘሙን፣ ወይም በመንጋጭላ የውስጥ ጎን ያለውን ሹል የአጥንት ጠርዝ እየተጫነ መሆኑን ያመለክታል። ስንውጥ የአፍ ወለል ወደ ላይ ስለሚነሣ፣ የረዘመው ክንፍ በእያንዳንዱ መዋጥ ሥጋው ውስጥ ይገባል። ይህን ሕመም የጉሮሮ ሕመም አድርገው ቆጥረው የቶንሲል መድኃኒት ሲውጡ የከረሙ ሰዎች ገጥመውኛል።

ሁሉም ቁስል ግን እንዲህ በቀላሉ ምክንያቱን አይናገርም። ቁስሉ በጠርዙ ዙሪያ ሳይሆን በድዱ ጉብታ አናት ወይም ጎን ላይ ሰፋ ብሎ የሚታይ ከሆነ፣ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የላይና የታች ጥርሶች በሚገጥሙበት ቦታ ላይ ነው። አንዱ መንጋጋ ጥርስ ከሌሎቹ ቀድሞ የሚነካ ከሆነ፣ አፍ በተገጠመ ቁጥር ጥርሱ በሙሉ ሸርተት ይልና በሌላ ቦታ ያለውን ድድ ይፈጫል። ሐኪሙ አገጣጠሙን ሳያይ ቁስሉ ባለበት በኩል ከውስጥ ቢፍቅ፣ ታማሚው ለሁለት ቀን እፎይ ይልና በሦስተኛው ቀን ቁስሉ ጎን ዞሮ ይወጣል። በተመላለሱ ቁጥር የሚፋቅ፣ እየተፋቀም የሚላላ ጥርስ ታሪኩ በአብዛኛው ይኸው ነው። ስለዚህ እኔ ጥርሱን ከመንካቴ በፊት የምጠይቀው ሕመሙ መቼ እንደሚመጣ ነው። ገና ሲገባና ሲወጣ የሚልጥ ከሆነ፣ ጎበጥ ያለ የአጥንት ጎን እየተሻገረ እንደሆነ እገምታለሁ። ሲገባ ደኅና ሆኖ ሲታኘክ ብቻ የሚያም ከሆነ አገጣጠሙን እጠረጥራለሁ። ወደ ማታ ድዱ በሙሉ የሚቃጠል፣ ጉንጭ የሚዝልና ሲናገሩ ጥርሶቹ የሚንቋቁ ከሆነ ደግሞ ጥርሱ ከመነሻው ረዝሞ መሠራቱን እፈራለሁ፤ ይህ የመጨረሻው በመፋቅ የሚፈታ አይደለም፣ እንደገና መሠራት ሊያስፈልገው ይችላል።

አሁን ወደ ክሊኒኩ ስትመለሱ ሊደረግ የሚገባውን ልንገርዎ። ቁስሉ የሚታይ ሲሆን ሐኪሙ ቦታውን አድርቆ፣ ሲርስ ቀለሙን በሚለቅ እርሳስ ቁስሉ ላይ ምልክት ያደርግና ጥርሱን ያገባዋል፤ ሲያወጣው ምልክቱ በአክሪሊኩ ላይ ታትሞ ይገኛል። ሌላው መንገድ የጥርሱን የውስጥ ገጽ በነጭ ቅባት ስስ አድርጎ መቀባት ነው፤ ጥርሱ አፍ ውስጥ ተጭኖ ሲወጣ፣ የሚጫነው ቦታ ላይ ቅባቱ ተገፍቶ ከሥሩ ያለው የአክሪሊኩ ሮዝ ቀለም ይገለጣል። የሚፋቀው ያ የተገለጠው ነጥብ ብቻ ነው፤ ከዚያ እንደገና ይቀባል፣ እንደገና ይታያል። ሐኪሙ ምንም ሳይቀባና ምልክት ሳያደርግ የመፋቂያ ሞተሩን ቢያነሣ፣ በትሕትና «ዶክተር፣ መጀመሪያ በቅባቱ ቢያዩልን» ማለት መብታችሁ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ጥርሱ ቁም ሣጥን ውስጥ ከከረመ በኋላ እናትዎ የዳነ ድድ ይዘው ቢሄዱ፣ ሐኪሙ የሚያየው ቁስል አይኖርም፤ «ምንም የለም» ብሎ ቢመልሳችሁም ሊፈረድበት አይችልም። ስለዚህ ከቀጠሮው በፊት በነበረው ቀን ጥርሱን ያድርጉ፤ ሕመሙ ከባድ ከሆነ ቢያንስ በቀጠሮው ዕለት ከማለዳ ጀምሮ አድርገው፣ ቁርሳቸውንም በልተውበት ይሂዱ። ይህ ሰውን ሆን ብሎ ማሳመም ይመስላል፤ ሆኖም ቦታውን የሚያሳየን የቀላው ድድ ነው።

እስከዚያው ድረስ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ባለ ውኃ አሟምተው በቀን ሦስትና አራት ጊዜ ይጉመጥመጡ። ነጭ ሽንኩርት፣ ቅርንፉድ ወይም የተፈጨ አስፕሪን ቁስሉ ላይ ማድረግ ድዱን ስለሚያቃጥለው በአንዱ ቁስል ላይ ሌላ ይጨምራል። በርበሬና ሚጥሚጣውን ለጥቂት ቀን ይቀንሱ፤ ፍርፍሩ፣ ገንፎውና አጥሚቱ ይበቃቸዋል፤ ቆሎ ለጊዜው ይቅር። ምግቡን በትንሽ በትንሹ፣ በሁለቱም ጉንጭ በኩል እኩል ያኝኩ፤ በአንድ ወገን ብቻ ሲታኘክ ጥርሱ በሌላው ወገን ይነሣል። እግረ መንገዴን፣ እንግዳ ሲመጣ ብቻ ጥርሱን ማድረጋቸው ከሁሉ የከፋው ልማድ ነው፤ ባልለመዱት ጥርስ ላይ ትልቅ ጉርሻ ሲመጣ ከቁስሉ በላይ የሚያሳፍራቸው ነገር ይፈጠራል። ዳዊት የሚደግሙ ከሆነ ጥርሱን አድርገው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይድገሙ፤ ለአንደበት ከዚህ የተሻለ ልምምድ አላውቅም። ማታ ጥርሱ ወጥቶ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይደር፤ በጨርቅ ተጠቅልሎ ሲደርቅ ቅርጹ ሊለወጥ ይችላል።

ጥርሱ ተስተካክሎ፣ ወይም ጭራሽ ወጥቶ ተቀምጦ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያልዳነ ቁስል ካለ ግን ነገሩ ከጫና ያለፈ ሊሆን ስለሚችል ወደ ሆስፒታል ሄዶ መመርመር ያስፈልጋል። ይህ በተለይ ትንባሆ ለሚያጨሱና አልኮል ለሚያዘወትሩ ሰዎች ይመለከታል። የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች ቁስል ዘግይቶ እንደሚድንም ሐኪሙ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

ጥያቄ፦ በአቃቂ በብረታ ብረት ሥራ 30 ዓመት ያገለገልኩ ጡረተኛ ነኝ። የታችኛው ጥርሴ ቢያቆስለኝ፣ ለእኔ ሞረድ አዲስ ነገር አይደለምና ራሴው ዙሪያውን ቀነስኩለት። ቁስሉ ዳነ፤ ጥርሱ ግን አሁን ስናገር ይነሣል፣ ስበላም ፍርፋሪ ከሥሩ ይገባል። በፈላ ውኃ አለስልሼ ወደ ውስጥ ላጎብጠው አስቤ ነበር፤ ልጄ መጀመሪያ ሐኪም ይጠየቅ ስላለችኝ ጻፍኩ።
ከአቃቂ

መልስ፦ አባቴ፣ ልጅዎ ደግ አድርጋለች። አክሪሊክ የፈላ ውኃ ሲነካው ይጣመማል፤ የሚጣመመው ግን እርስዎ በፈለጉት በኩል አይደለም፣ ሲቀዘቅዝም ወደ ቀድሞው ቅርጹ አይመለስም። ያን ጊዜ የሚቀረው እንደገና ማሠራት ብቻ ነው።

በሞረዱ ላይ ስላደረጉት ነገር አልቆጣዎትም፤ እጅዎ ሥራ እንደሚያውቅ ግልጽ ነው። ነገር ግን በእርስዎ ሙያ ሁለት የብረት ገጾች በትክክል እንዲገጥሙ ሲፈለግ፣ አንዱ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ ሌላው ላይ እንደሚያርፍና ቀለሙ የነካው ጉብታ ብቻ እንደሚፋቅ ያውቃሉ። እኛም በነጩ ቅባት የምናደርገው ይህንኑ ነው። እርስዎ ብረት ላይ የማያደርጉትን ጥርስዎ ላይ አደረጉት፤ ቀለም ሳይቀቡ ሞረዱ። የሚጎዳዎት ምናልባት የአንድ ስንዴ ቅንጣት የሚያህል ቦታ ነበር፤ እርስዎ ግን ጠርዙን ዙሪያውን በሙሉ ስላነሡለት፣ ከጉንጭና ከአፍ ወለል ጋር ተገናኝቶ አየር የሚከለክለው መዝጊያ ጠፋ። ሞረዱ የተወው ሸካራ ገጽም የምግብ ቅሪትና ፈንገስ የሚይዝ ስለሆነ ዝም ብሎ መተው የለበትም።

ጥርሱ የሚጣል አይመስለኝም። ድድዎ ሙሉ በሙሉ ከዳነ በኋላ ሐኪሙ በዚያው ጥርስ ውስጥ አዲስ የድድ ልክ ወስዶ፣ ጠርዙንና የውስጡን ገጽ በአዲስ አክሪሊክ ሊሞላው ይችላል፤ ከአዲስ ጥርስ ይልቅ ይህ ይቀላል። ፋርማሲ የሚሸጠው ማጣበቂያ ለአንድ ሠርግ ወይም ለአንድ ለቅሶ ቀን ይጠቅምዎት ይሆናል፤ በየቀኑ እየጨመሩ የሚኖሩበት ነገር ግን አይደለም። ደግሞም ጥርስ የሌለው መንጋጭላ ከዓመት ዓመት እያነሰ ይሄዳል፤ ታችኛው ከላይኛው አራት እጥፍ ያህል ስለሚቀንስ፣ ዛሬ ልክ የሆነው ጥርስ ከጥቂት ዓመታት በኋላ መላላቱ አይቀርም። በዓመት አንድ ጊዜ መታየቱ ይህን በጊዜው ለመያዝ ነው።

ጥያቄ፦ በለገጣፎ በአንድ አነስተኛ ክሊኒክ የምሠራ የጥርስ ሕክምና ባለሙያ ነኝ። የጫና መፈለጊያው ቅባት በአቅራቢያችን አይገኝም። ሲገኝም በቀባሁት ቁጥር ጥርሱ ሁሉ የሚጫን መስሎ ስለሚታየኝ የቱን እንደምፍቅ ግራ ይገባኛል።
ከለገጣፎ

መልስ፦ ቅባቱን ራስዎ ማዘጋጀት ይችላሉ። በክሊኒካችሁ የማይጠፋውን የዚንክ ኦክሳይድ ዱቄት ከረጋ የአትክልት የምግብ ቅባት ጋር በእኩል ክብደት አሽተው፣ ክዳን ባለው ዕቃ ያስቀምጡት።

ግራ መጋባቱ የሚመጣው ቅባቱ ሲወፍር ነው። ጥርሱን በሚገባ አድርቀው፣ ጠንካራ ፀጉር ባለው አጭር ብሩሽ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስስ አድርገው ይቀቡ፤ የብሩሹ ፀጉር የሚተወው ሽንትር በግልጽ መታየት አለበት፤ የሚያነቡት ሽንትሩን ነው። ጥርሱ ሲወጣ ሽንትሩ እንዳለ የቀረበት ቦታ ድዱን አልነካም፤ ሽንትሩ ጠፍቶ ስስ ነጭ ሽፋን የቀረበት ቦታ በልኩ ነክቷል፤ ቅባቱ ጭራሽ ተገፍቶ ሮዙ የተገለጠበት ቦታ ነው የሚጫነው። መካከለኛውን ከመጨረሻው ጋር ካደባለቁ መልካሙን ማረፊያ ፍቀው ይጨርሱታል።

ሲያገቡት ታማሚው እንዲነክስ አያድርጉ፤ በሁለቱ መንጋጋ ጥርሶች ላይ በጣትዎ እኩል ይጫኑ፤ ካስነከሱት የአገጣጠሙ ስሕተት የቅባቱን ንባብ ያዛባዋል። አፉ የደረቀ ታማሚ ላይ ቅባቱ ድዱ ላይ ተጣብቆ ስለሚቀርና የሌለ ጫና ስለሚያሳይ፣ የተቀባውን ጥርስ ከማግባትዎ በፊት ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነከር ያድርጉት። በላይኛው ጥርስ የኋላ ጠርዝ፣ ላንቃው በሚለሰልስበት መስመር ላይ ቅባቱ ቢገፋ አይደንግጡ፤ ያ ቦታ ሆን ተብሎ እንዲጫን የተሠራ መዝጊያ ነው፣ ካላቆሰለ በስተቀር አይነካም። ለጠርዞች ርዝመት ቅባቱ ብዙም አይረዳም፤ በጠርዙ ላይ ለስላሳ ሰም ደርበው ታማሚው እንዲናገር፣ እንዲውጥ፣ ምላሱንም እንዲያወጣ ያድርጉ።

አገጣጠሙን በቀለም ወረቀት አፍ ውስጥ ብቻ መርምሮ መደምደም ያሳስታል፤ ከሥሩ ያለው ሥጋ ለስላሳ በመሆኑ ጥርሱ ሸርተት ይልና ወረቀቱ እኩል የገጠመ ያስመስላል። ከቻሉ የንክሻውን ልክ እንደገና ወስደው፣ ሁለቱን ጥርሶች ማገጣጠሚያ መሣሪያው ላይ መልሰው ተክለው ያስተካክሉ። ከአንድ ጊዜ ፍቆሽ በኋላም ሥራው አላለቀም፤ እኔ አንድን ጥርስ ሦስትና አራት ጊዜ እየቀባሁ ማየቴ የተለመደ ነው።

ጥያቄ፦ ተነቃይ ጥርስ ካደረግሁ ዓመታት አልፈዋል፤ በቅርቡ አዲስ አሠራሁ። ቁስል የለኝም፤ ነገር ግን ሳኝክ የታችኛው ከንፈሬ ግማሽ ይደነዝዛል። ከድዱ ጋር ይገናኛል?
ከሰበታ

መልስ፦ ሊገናኝ ይችላል። ለታችኛው ከንፈርና ለአገጭ ስሜት የሚሰጠው ነርቭ ከመንጋጭላ የሚወጣው በትንንሾቹ መንጋጋ ጥርሶች ትይዩ ባለች ቀዳዳ ነው። ጥርስ ከወለቀ ብዙ ዓመት ሲያልፍ አጥንቱ ከላይ እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ መጀመሪያ በጎን የነበረችው ቀዳዳ ወደ ድዱ አናት ትጠጋለች፤ ያን ጊዜ ጥርሱ ነርቩን በቀጥታ ይጫነዋል። ሐኪምዎ ያችን ቦታ በጣቱ ጫን ሲል ድንዛዜው ወይም እንደ ኤሌክትሪክ ያለ ንዝረት ከመጣ፣ በጥርሱ ውስጥ በትይዩዋ ያለውን ቦታ ጎድጎድ አድርጎ ያሳርፍዎታል። እስከዚያው ጥርሱን ለጥቂት ቀናት አውጥተው ይቆዩና ይከታተሉት፤ ጥርሱ ወጥቶም ድንዛዜው ካልለቀቀዎት ምክንያቱ ጥርሱ ላይሆን ስለሚችል፣ የመፋቂያውን ቀጠሮ ትተው ራጅ ወደሚነሣበት ሆስፒታል ይሂዱ።